በብረት ያመካኙት ጥቁረት

ክር የሌለው ጫማ ጎንበስ ብሎ የሚያስር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርጥቧ አይታለች። ታላቅ እህቷ ከምድር ቤቱ ወደ ላይ በሚያወጣው ደረጃ ሰባተኛው እርከን ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግድግዳውን ያዝ አደረገችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን መነካካት ጀመረች። ጫማው እግር ተከትቶበት የሚኬድ ሸራ ነው። ክር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እርጥቧ የንጹሕ ፎጣ ቅርጫት በሆዷ ደግፋ ከኋላዋ ቆማ ጠበቀች።

«እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ጫማዬ ነው።»

«ጫማሽ ክር የለውም እኮ።»

«ለዚህ ነዋ የማይታሰርልኝ!» አለችና ትንፋሿን ውጣ ወደ ላይ ቀጠለች።

እርጥቧ ሳቀች። በኋላ ያንን ሳቋን ብዙ ጊዜ ረግማዋለች።

ላውንደሪው የአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ሠራተኞቹ ቀኑ መግፋቱን የሚያውቁት በእግራቸው እብጠት ነው። በአንድ ወገን ማጠቢያ ማሽኖቹ ይንገጫገጫሉ፣ መሃል ላይ ትልቁ ካውያ ይንከባለላል። ይህ ካውያ እርጥብ አንሶላ በአንድ በኩል ይጎርስና በሌላው በኩል እንደ ወረቀት ቀጥ አድርጎ ይተፋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጎረሰችው ታላቅየዋ ናት። ስሟን የሚጠራው ሰው ጠፍቶ «እትዬ ካውያ» ከተባለች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ታናሽየዋ ደግሞ ማሽን ያቃተውን እድፍ በሲሚንቶው ገንዳ ውስጥ በእጇ የምታስለቅቅ ናት። ወይን ጠጅ፣ የከንፈር ቀለም፣ ዝገት፣ ደም፣ ግራሶ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። እጇ ደርቆ ስለማያውቅ «እርጥቧ» አሏት። የሚጨብጣት ሰው ሁሉ «ዛሬም ዘንቧል?» ይላታል።

እናታቸው ስትሞት እርጥቧ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታላቅየዋ አሥራ ሰባት። ያሳደገቻት እሷ ናት። ባል አላገባችም፤ ስትቀልድ «አንቺን ሳሳድግ ሰዓቱ አለፈብኝ» ትላለች፤ ስትቆጣም ያንኑ ትላለች። አሁን ሁለቱም ፀጉራቸው ሸብቷል፣ በሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ፣ ሲጣሉ በግድግዳው በኩል ይሰዳደባሉ።

ከሁለት ወር በፊት ጤና ጣቢያ የታላቅየዋን ደም ለክተው አነስተኛ ነው አሏት። የብረት ኪኒን ሰጧት። ወሬው ላውንደሪ ሲደርስ አንሶላ የምታጥፈው ሴትዮ፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥነው፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ካውያ ብረት አነሰው ሲባል በዕድሜዬ ዛሬ ሰማሁ!» ሁሉም ሳቀ፤ እትዬ ካውያም ሳቀች። ጤና መኮንኑ ሲሰጣት ታዲያ እንዲህ ብሏት ነበር፤ «ዓይነ ምድርዎ ይጠቁራል። ከብረቱ ነው፤ እንዳይደነግጡ።» ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠይቋት ነበር፣ እሷም የለም አለችው። ያን ቀን እውነቷን ነው። ሰውየው የሚገባውን አድርጓል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታላቅየዋ ጉልበቷን ይቆረጥማት ነበር። አንድ ማለዳ ካውያው ፊት ቆማ ከንፈሯን ስትነክስ እርጥቧ አየቻት። ለጥርሷ የገዛችው አይቡፕሮፌን የሚባል ማስታገሻ ቦርሳዋ ውስጥ ነበራት። አንድ ፍሬ አውጥታ በእህቷ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

«ዋጪው። እኔን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው ያስተወኝ።»

እውነትም አስተዋት። እትዬ ካውያ ያን ቀን እያዜመች ዋለች። በማግስቱም ሌላ ፍሬ፣ በሦስተኛው ቀንም ሌላ። ፍሬው ሲያልቅ እርጥቧ ፋርማሲ ሄዳ እሽግ ገዛች። ፋርማሲስቷ «ለማን ነው?» ስትላት «ለኔ» አለች። ለምን ይሄንን እንዳለች እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ነገር ላለማርዘም ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ የእትዬ ካውያ ወገብም ተጨመረ። ያን ጊዜ አጣፊዋ የራሷን ዲክሎፌናክ አመጣች። «የእህትሽ ለጉልበት ነው፣ የኔ ለወገብ ነው» አለች፣ ለየበሩ የየራሱ ቁልፍ ያለው ይመስል። እትዬ ካውያም ሁለቱንም መዋጥ ጀመረች።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ የዚያ ላውንደሪ ጉዳይ ነው። እዚያ በወረቀት ያልተጻፈ፣ ከተጻፈው በላይ ግን የሚከበር ሕግ ነበር፤ በሞላ ሆድ ካውያ ፊት አይቆምም። ድሮ አንዲት ሠራተኛ ጥርቅ አድርጋ በልታ መጥታ እንፋሎቱ አዙሯት ክንዷ ተጠብሷል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ካውያ የያዘ ሰው የረፍት ደወል እስኪደወል እህል አይቀምስም። እና እትዬ ካውያ ኪኒኖቿን ሁሉ ማለዳ፣ በባዶ ሆዷ፣ ብረቱንም ማስታገሻውንም በአንድ እፍኝ አድርጋ በአንድ ጉንጭ ውሃ ታወርዳቸው ነበር። ያየ ሁሉ «ጎበዝ!» ይላታል።

ጫማውን «ባሰረችበት» በማግስቱ፣ ረቡዕ ማለዳ፣ እርጥቧ እህቷን በመብራቱ ሥር አየቻት። ከንፈሯ ደጋግሞ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

አጣፊዋም አየች። «እትዬ ካውያ፣ ፊትሽን በበረኪና አጠብሽው እንዴ?»

«አንቺ ምላስሽን እጠፊው። ሥራሽ ማጠፍ አይደል?»

እትዬ ካውያ ይህን ብላ ከኪሷ ሁለት ቀይ የብረት ኪኒን አወጣች። እርጥቧ እጇን ያዘቻት።

«ለምን ሁለት? አንድ አይደል የተባልሽው?»

«ድካሙ አልለቀቀኝማ። ካልለቀቀኝ ደሜ አልሞላም። ያልሞላ ነገር ይጨመርበታል፤ በርሜል ሞልተሽ አታውቂም?»

«ሆዴን ያቃጥለኛል ስትይ አልነበር ትናንት?»

«ብረት እኮ ነው የምውጠው፣ ሚስማር! አያቃጥለኝ ብዬ ልፈርድበት ነው?» አለችና ሁለቱን ብረት፣ አንዱን የጉልበት፣ አንዱን የወገብ፣ አራቱን ባንዴ ዋጠች።

በርሜሉ ከሥሩ እያፈሰሰስ ቢሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የዚያን ዕለት እትዬ ካውያ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለሰች። እርጥቧ ከእሷ ቀጥላ ስትገባ አንድ የማታውቀው ክርፋት አፍንጫዋን መታት። ወጥታ ጠየቀቻት።

«እቴቴ፣ ሆድሽን ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ይጠቁራል። ከብረቱ ነው፤ ተነግሮኛል።»

«መጥቆሩስ ይሁን፤ ሽታውስ?»

«አንቺ ደግሞ የሰው ሽንት ቤት ትከታተያለሽ! ነውር አይደለም?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እትዬ ካውያ ሞኝ አይደለችም፤ ነገር ግን ያቺን «ከብረቱ ነው» የምትል ቃል እንደ መሐላ ወረቀት ይዛት ቀረች። እርጥቧም ወደ ገንዳዋ ተመለሰች። ታላቅ እህት የተናገረችው ሁሌ ትክክል ነው እየተባለች ነው ያደገችው፣ ይህንን የነገረቻትም ራሷ ታላቂቱ ናት።

ሐሙስ ሆቴሉ ላይ ታላቅ ስብሰባ ነበር። አንሶላው፣ የጠረጴዛ ልብሱ፣ ፎጣው በጋሪ በጋሪ ሆኖ ይወርዳል። ተቆጣጣሪው የእጅ ሰዓቱን እያየ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ይንጎራደዳል። ከረፍት በፊት እትዬ ካውያ ወደ ሲሚንቶው ገንዳ መጣች፤ አመጣጧ የሌባ ነበር። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ገንዳው ውስጥ ጣል አደረገች።

«ይቺን አስለቅቂልኝ፤ ውስጥ ቀሚሴ ናት። የማሽን ግራሶ ነካት።»

«ግራሶ ውስጥ ቀሚስሽ ድረስ እንዴት ገባ?»

«ገባ አልኩሽ ገባ!» ብላ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ስትሄድ በአንድ እጇ የጋሪዎቹን ጠርዝ ተራ በተራ እየያዘች ነበር።

እርጥቧ ጥቅሉን ፈታችው። ነጭ ቀሚስ ነው፤ ከኋላው መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር እንደ ሬንጅ ተለጥፎበታል። ገባት፤ እህቷ ሽንት ቤት ሳትደርስ ቀርታ አፍራለች። ለእድፉ ከማዘን በፊት ለእህቷ አዘነች። ከዚያ እጇ በልማዱ ሥራ ጀመረ፤ ያ እጅ ሳይታዘዝ የሚሠራ እጅ ነው።

ግራሶ ውሃ ስታፈሺበት ውሃውን ይንቀዋል፤ ጠብታው ላዩ ላይ ይንከባለላል። ይህ ግን ውሃውን ጠጣ። ዝገት፣ ማለት የብረት እድፍ፣ በውሃ ቢያሹት ንቅንቅ አይልም፤ ሎሚ ወይ ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር ካልነካው ቦታውን አይለቅም። ይህ ግን ተፈታ። እርጥቧ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈተችና ጨርቁን ከሥሩ ዘረጋችው። ጥቁሩ መሃሉ ላይ እንደ ጭቃ ቀረ፤ ዳር ዳሩ ግን ቀላ፤ ከዚያ ይበልጥ ቀላ፤ ከዚያ በነጩ ጨርቅ ላይ በቀጭኑ ተዘርግቶ ወደ ገንዳው ጉሮሮ ወረደ።

ያንን ቀለም በስንት ትራስ ልብስ ላይ አይታዋለች! አፍንጫው የነሰረው እንግዳ፣ ሲላጭ ምላጭ የቆረጠው፣ ወር አበባዋ ድንገት የመጣባት። ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈታው፣ ሙቅ ውሃ ግን አብስሎ የሚያስቀረው አንድ እድፍ ብቻ ነው።

ቧንቧውን አልዘጋችውም። ውሃው እየፈሰሰ እሷ ባለችበት ቀረች። ደረጃው፣ ከንፈሩ፣ ማቃጠሉ፣ ሽታው፣ ጋሪ እየያዙ መሄድ። ደሟ አልሞላም የተባለው ለካ እየፈሰሰ ነው። ከታች እየፈሰሰ ከላይ ብረት ይጨመርበታል፤ ጥቁሩ በመጣ ቁጥር ደግሞ «ከብረቱ ነው» ይባላል። ሆዷን ምን ቀደደው? ይህንን ስትጠይቅ የራሷ መዳፍ ትዝ አላት፤ መዳፏም ላይ ያቺ የመጀመሪያዋ ፍሬ።

ጨርቁን ገንዳው ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ሮጠች።

እትዬ ካውያ የአንሶላውን ጠርዝ ለማሽኑ እያጎረሰች ነበር። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል።

«እቴቴ፣ ነይ ውጪ!»

«ሦስት ጋሪ ቀርቶኛል።»

«ግራሶ ያልሽው ደም ነው!»

«ከብረቱ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ብረት በውሃ አይቀላም። ደም ነው የምልሽ፣ ከውስጥሽ ነው!»

«አንቺ መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው?»

«ሐኪምነት አላውቅም። እድፍ ግን አውቃለሁ።»

ተቆጣጣሪው ከወዲያ ማዶ ጮኸ። «እርጥቧ! ቦታሽን ለቀሽ ምን ትሠሪያለሽ? እንግዶቹ ምሳ እየደረሰባቸው ነው!»

«ሰማሽ? ሂጂ» አለች እትዬ ካውያ። «ሦስቱን ጋሪ ልጨርስና የፈለግሽበት እሄድልሻለሁ።»

ሦስት ጋሪ ማለት አንድ ሰዓት ነው። እርጥቧ የእህቷን ጣቶች አየች፤ አንሶላውን የያዙት ጣቶች ጥፍራቸው ድረስ ነጥተዋል፤ ከጣቶቹ እስከሚጋየው ብረት አንድ ክንድ አይሞላም። ይህች ሴት በልመና እንደማትንቀሳቀስ ታውቃለች፤ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች እርጥቧም እንደዚያው ናት።

ከማሽኑ ጎን ቀይ ቁልፍ አለ። አደጋ ካልደረሰ ማንም አይነካውም። እርጥቧ በእርጥብ መዳፏ ጥርቅም አድርጋ ጫነችው።

ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። ሁሉም ሥራውን ትቶ ዞረ፤ ከማጠቢያዎቹ መንገጫገጭ ሥር በሲሚንቶው ገንዳ ያልተዘጋው ቧንቧ ይሰማል። ግማሽ አንሶላ በካውያው አፍ ውስጥ እንደተያዘ መጨስ ጀመረ።

እትዬ ካውያ ወደ እህቷ ዞረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ማሽኗን አስቁሞባት አያውቅም። እጇን ለጥፊ አነሣች። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ፤ ጥፊውን ረስቶ መያዣ የሚፈልግ እጅ ሆነ። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ወደ ኋላ፣ ወደ ጋለው ብረት፣ ዘመም ስትል እርጥቧ ሽርጧን ጨምድዳ በሙሉ ኃይሏ ወደ ራሷ ጎተተቻት፤ ሁለቱም እርጥብ አንሶላ በሞላው ጋሪ ላይ ተደራርበው ወደቁ።

«መኪና!» አለ ተቆጣጣሪው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «የልብስ ማመላለሻውን መኪና አቅርቡ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ!»

አራት ሆነው ተሸከሟት። እርጥቧ ግን መጀመሪያ ወደ መደርደሪያው ሮጣ የእህቷን የኪኒን ላስቲክ አነሣች። ስትመለስ አጣፊዋ መንገዷ ላይ ቆማ አገኘቻት፤ ያቺ ምላሳም ሴት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የራሷን እሽግ እጇ ላይ ጣለችላት። «የኔንም ውሰጂ። ከዚህ ነው የሰጠኋት። ንገሪያቸው።»

በልብስ መኪናው ወለል ላይ፣ በቆሸሹ አንሶላዎች መካከል፣ እትዬ ካውያ ዓይኗን ገለጠች። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ መኪናውን ያበረዋል።

«ኪኒኖቹን እንዳታወሪ» አለች በሹክሹክታ።

«የትኞቹን?»

«የጉልበቱንና የወገቡን። ብረቱን ብቻ ነው የምንናገረው።»

«ለምን?»

«ማን ሰጣት ይላሉ። አንቺን ይይዙሻል። ሞኝ አትሁኚ።» ይህን ብላ አልጨረሰችም፤ አንሶላው ላይ አስመለሳት። የወጣው የቡና አተላ ይመስላል። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየና ፍጥነቱን ጨመረ።

እርጥቧ የእህቷን አፍ በእጇ ጠረገች። ይቺ ሴት እየሞተችም የእኔን ነገር ነው የምታስበው፣ አለች በልቧ።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሰው በሰው ነበር። የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ናት፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። የእትዬ ካውያን የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምቷን እየቆጠረች ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የብረት ኪኒን ልጄ፤ ለደም ማነስ። ያው ሆድ ያጠቁራል። እህቴ ይሄንን አይታ ደነገጠች፣ እድፍ ስታጥብ የኖረች ስለሆነች ሁሉም ነገር እድፍ ይመስላታል።»

«ሌላስ? ማስታገሻ፣ የሕመም ነገር?»

«የለም።»

ይህን ስትል በሌላው እጇ የእርጥቧን አንጓ ጨበጠች። ጭብጧ ደካማ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ያው የድሮው ትእዛዝ ነው። ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ በሽተኛ እየተጣራ ነው፤ ሐኪሟ ወደዚያ ዞር አለች። አንድ እርምጃ ሄደች።

እርጥቧ የሐኪሟን ጀርባ አየች። ብትናገር ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ይታወቃል፣ ያውም እህቷን በሰው ፊት ውሸታም አድርጋ። ዝም ብትል ጥቁሩ ለብረቱ ይሰጣል። ለብረቱ ከተሰጠ፣ ሐኪሟ ሌላው በሽተኛ ዘንድ ትቆያለች፤ ስትመለስ ደግሞ...

«ዶክተር!» አለች፤ ከጩኸቷ የተነሣ ሰው ሁሉ ዞረ። እጇን ከእህቷ ጭብጥ መነጨቀችና ላስቲኩን አልጋው ላይ ደፋችው። ቀዩ ብረት፣ አይቡፕሮፌኑ፣ ዲክሎፌናኩ በአንሶላው ላይ ተበተኑ። «ውሸቷን ነው። ይሄንን በየቀኑ ትወስዳለች። ይሄንንም። ሁሉንም አንድ ላይ ነው፣ በባዶ ሆዷ፣ ወር አልፎታል። የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቀሚሷ ላይ ያለው ጥቁር በቀዝቃዛ ውሃ ቀልቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪና ውስጥም የቡና አተላ የመሰለ አስመልሷታል።»

«አንቺ...» አለች እትዬ ካውያ።

ሐኪሟ ሁለቱን እሽግ አንሥታ አየች፤ ያ ድካም ከፊቷ ላይ ጠፋ። መጋረጃውን ገፍታ ተጣራች። ሁለት ነርሶች መጡ። አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ክንድ መርፌ አስገቡ። «የደም ዓይነቷን አሁኑኑ። ደም ይዘጋጅ። የጨጓራ ካሜራ ክፍሉን ጥሩልኝ።» አልጋው ተንቀሳቀሰ። እርጥቧ ጥቂት ተከተለችው፤ ከዚያ በር ተዘጋባት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ለሦስት ሰው ነው። እርጥቧ ብቻዋን ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ሽርጧን አልፈታችም። እጇ ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ታያት። እንደዚህ ደርቆ አይታው የምታውቅ አልመሰላትም። አንድ ሰው መጥቶ የእህቷ የደም መጠን አምስት ነው፣ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት ብሏት አለፈ። እርጥቧ አራተኛ ክፍል እንኳ በቅጡ አልተማረችም፣ ነገር ግን አምስት ከአሥራ ሁለት ስንት እንደሚጎድለው ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። የአልጋ ጎማ በሰማች ቁጥር ትነሣለች፤ የሌላ ሰው ሲሆን ትቀመጣለች። ስንት ጊዜ እንደተነሣች እግዜር ይወቅ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«አለች?» አለች እርጥቧ። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

«አሉ። ጨጓራቸው ውስጥ የሚደማ ቁስል አግኝተን ዘግተነዋል። ደም እየወሰዱ ነው። ይህችን ሌሊትና ነገን እንይ፤ እንደገና ካልደማ ይተርፋሉ።»

እርጥቧ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ሐኪሟ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቸኩላለች፣ ግን ተቀመጠች። «እነዚህ ሁለቱ ማስታገሻዎች ስማቸው ይለያይ እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ጨጓራ ያቆስላሉ። አንድ ላይ ሲሆን፣ በባዶ ሆድ ሲሆን፣ በየቀኑ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ብረቱ ጨጓራ ቢያስቀይምም ይህን ያህል ደም አያፈስም፤ የሱ ክፋቱ መደበቁ ነው። እሱም ያጠቁራል፣ የሚደማ ሆድም ያጠቁራል። እንደ ሬንጅ የሚለጠፍና የሚከረፋ ሲሆን ግን፣ ወይም ብረት እየተወሰደ ድካሙ እየባሰ ሲሄድ፣ ከብረቱ ነው ብሎ መቀመጥ የለም።»

«ታዲያ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ምን ላድርግላት?»

«ፓራሲታሞል ጨጓራን እንደነዚህ አያቆስልም፣ ከብረቱም ጋር አይጣላም፣ ከልኩ ካላለፈ። እሱንም ቢሆን እኛን ወይ ፋርማሲውን ሳይጠይቁ አይደለም። ሲጠይቁም የሚወስዱትን ሁሉ መናገር ነው፤ ለማን እንደሆነም እውነቱን።»

እርጥቧ ፋርማሲስቷን «ለኔ» ያለቻትን አስታወሰችና አንገቷን ደፋች። ሐኪሟ ተነሣች።

«ሰጥተዋል፤ እውነት ነው» አለች። «ተናግረዋልም። ይሄኛው በሰዓቱ ባይሆን አሁን የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።»

ያ ሌሊት አለፈ፤ ዓርብም አለፈ። አልደማችም።

ቅዳሜ እትዬ ካውያ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም ተመልሷል፤ ከቀለሙ ጋር ንዴቷም።

«ካውያዬን አስቆምሽብኝ።»

«አስቆምኩት።»

«በሰው ሁሉ ፊት ደግሞ ውሸታም አደረግሽኝ።»

«ስለዋሸሽ ነዋ።»

«ማንን ብዬ ነው የዋሸሁት? አፈር ብይ!» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትንሽ ቆይታ ሳትዞር፣ «አንሶላው ተቃጠለ?» ብላ ጠየቀች።

«ግማሹ።»

«እኔን!» አለች ከልቧ አዝና።

እርጥቧ ውሃ ልትቀዳ ጆግ ይዛ ወጣች። ስትመለስ በሩ ላይ ያየችው ነገር እግሯን ያዘው። የጎረቤት አልጋ በሽተኛን የምታስታምመው ደግ ሴት በእህቷ አልጋ ጠርዝ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ ተከፍቷል። የእትዬ ካውያ መዳፍ ተዘርግቷል፤ መዳፉ ላይ አንድ ነጭ ፍሬ።

«ጉልበቴን ስትይ ሰምቼ አላስቻለኝም» ትላለች ሴትየዋ። «እኔን ወዲያው ነው የሚያስተወኝ። በይ ዋጪው።»

እትዬ ካውያ ፍሬውን ወደ ብርሃኑ አነሣች። የሰጧትን ኪኒን ሁሉ ሳትጠይቅ ስትውጥ የኖረች ሴት ናት።

«ምን ይባላል?»

«ማስታገሻ ነዋ!»

«እሱ ሥራው ነው። ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እኔ እንጃ፣ ነጭ ነው። ሁሉም ያው ነው እኮ!»

«ነርስ!» ብላ ተጣራች እትዬ ካውያ። ድምፁ የማሽን ጩኸት ሲያሸንፍ የኖረ ድምፅ ነው፤ ሦስት ነርስ ባንዴ መጣ። ፊተኛዋ ፍሬውን አገላብጣ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ለእርስዎ አይሆንም እናቴ። የእርስዎን ላምጣልዎት» ብላ ይዛው ወጣች።

ሴትየዋ ቅር ብሏት ቦርሳዋን ዘጋች። እትዬ ካውያ ክንዷን ያዘቻት። «አትቀየሚኝ እህቴ። እጅሽ ቅን ነው። እኔ ላይ መዓት ያወረደውም እጅ ቅን ነበር፤ አሁንም ቅን ነው» አለች፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ የቀረችውን አየቻት። «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ነይ ጉልበቴን እሺልኝ።»

እርጥቧ ጆጉን አስቀምጣ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን አስገባች።

«ውይ! ምን አባሽ ነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው እጅሽ!»

«ልተወው?»

«ተዪ አልኩሽ?»